ከሰባት እስከ አምስት መቶ ሰባት

ወንጀሉ የታወቀው ሐሙስ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። ልብስ ሰፊዋ ስምንት ዓመት የተመኘችው ነጭ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ቁልፉን አዞረች። ከመሪው ጀርባ ያሉት መብራቶች በሩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ጠፉና መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ቀረ። 507።

ሻጩ ከውጭ ስልኩን ደግኖ ቆሟል። ቁልፍ የሚረከብ ሁሉ ፎቶ ይነሳል፤ የቤቱ ደንብ ነው።

«ፈገግ በይ እንጂ እህቴ።»

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ቁጥሩ።»

ሻጩ አንገቱን በመስኮቱ አስግጎ አየ። የፈገግታው ግማሽ ፊቱ ላይ ቀረ፤ ግማሹ የት እንደ ገባ አልታወቀም። «ከመርከብ ሲወርድ፣ ግቢ ለግቢ ሲንቀሳቀስ… ትንሽ ትንሽ ይቆጥራል» አለ።

«አምስት መቶ?»

ቁልፉን ነቅላ ወረደች። በሩን ሕፃን እንደ ተኛበት ክፍል በር ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ ከዚያ በእግሯ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

*

ኢንስፔክተሩ የማጭበርበር ጉዳዮችን ሲመረምር ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። ቢሮው አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ወደ አውቶቡስ ፌርማታው የሚያይ መስኮት አለው። እሱ ራሱ መኪና ኖሮት አያውቅም። አንዳንዴ ሥራ ሲቀዘቅዝ በመስኮቱ የሚያልፉትን መኪኖች እያየ የት ይሆን የሚሄዱት ብሎ ያስባል፤ ይህን ግን ለሚስቱም ነግሮ አያውቅም።

«እህቴ» አላት፣ «እዚህ የሚመጣ ሰው መኪናዬ ተሰረቀ ነው የሚለው። ያንቺ ግን ቁልፉ እጅሽ ላይ ነው።»

«መኪናው አልተሰረቀም። አዲስነቱ ነው የተሰረቀው።»

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አነሳ።

ዕድሜዋ ወደ አርባው የተጠጋ፣ አጭር፣ ፈጣን ዓይን ያላት ሴት ናት። የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወልቅ ነው የመጣችው። ስትናገር ጫፉን በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«ልጅ ሆኜ የለበስኩት ሁሉ ከሌላ ቤት የመጣ ነበር» አለች። «ጫማዬ ውስጥ የሌላ ልጅ ጣት ቦታ ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። መጽሐፌ ላይ የሌላ ልጅ መልስ አለ፤ እሱም ስሕተት። አሁን ቬሎ እሰፋለሁ። ማንም ያልለበሰውን ልብስ ለሰው አለብሳለሁ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ከኔ በፊት ማንም ያልተቀመጠበት ፈለግሁ። ሌላ መኪና አልፈልግም፣ ካሣም አልፈልግም። ማን እንደ ተቀመጠበት ማወቅ ነው የምፈልገው።»

«ምን ምን አየሽ?»

«የነጂው ወንበር ላስቲክ ተነስቶ ተመልሷል። የሌሎቹ ወንበሮች ፕላስተር በማሽን የተቆረጠ ነው፣ ቀጥ ያለ። የነጂው ግን በጥርስ የተቆረጠ ነው። ስፌት እኔን አይዋሸኝም።»

«ሌላስ?»

«ስቀመጥ ወንበሩ ልክ ሆነኝ» አለች። «መንዳት ስማር ሁልጊዜ ጀርባዬ ላይ ትራስ አደርግ ነበር፤ እግሬ አይደርስም። ይሄኛው ግን ሳልነካው ልኬ ነበር። ይበልጥ ያንገበገበኝ እሱ ነው። አንድ እንደኔ አጭር ሰው ተመቻችቶ ሲነዳው ከርሟል ማለት ነው።»

ኢንስፔክተሩ «አጭር ሰው» ብሎ ጻፈና ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ልትወጣ ስትል በሩ ጋ ቆመች። «ወረቀቱ እስኪያልቅ ሦስት ወር ጠብቄያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ በአጥሩ በኩል አየው ነበር። አንድ እሁድ ጠዋት ሱቄ ደጃፍ ጨርቅ ሳራግፍ ልክ እሱን የመሰለ ነጭ መኪና ቀስ ብሎ አለፈ። ባለቤቱ ምንኛ የታደለ ነው ብዬ ቀናሁ።» ሳቅ ብላ ወጣች።

ይህን ኢንስፔክተሩ አልጻፈውም።

*

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመኪና ማከማቻው ግቢ ጀመረ። መኪናው ግቢው የገባበት የርክክብ ወረቀት ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ የነዳው ኪሎ ሜትር፣ ሰባት።

ኢንስፔክተሩ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፈ። ሰባት። አሁን አምስት መቶ ሰባት። ልዩነቱ አምስት መቶ፤ አንድም አልተረፈ፣ አንድም አልጎደለ። ሌባ እንዲህ ቆጥሮ ይሰርቃል?

የበሩ ዘበኛ መዝገቡን እንደ ሕፃን አቅፎ ነበር የመጣው። ጠቅላላ ግቢው ውስጥ የሚፎክርበት ነገር ቢኖር ይህ መዝገብ ነው።

«እዚህ በር ድመት ብትወጣ እጽፋታለሁ» አለ።

እውነቱን ነበር። ነጩ መኪና በአምስት ተከታታይ እሁዶች፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ወጥቶ ሁለት ተኩል ላይ ተመልሷል። ምክንያት፦ «ለሙከራ»። ፊርማው የሞተ ትል ይመስላል።

«የማን ፊርማ ነው?»

«የፈረመው ሰው ነዋ።»

«ማን ነዳው?»

«ጌታዬ፣ እኔ መኪና ነው የምመዘግበው፣ ሰው አይደለም። መስታወቱም ጥቁር ነው።» ዘበኛው ጢሙን አሻሸ። «አንድ ነገር ልንገርዎት ግን። ሲመለስ አይሰማም። ሌሎቹ ጎማ አስጩኸው፣ አቧራ አልብሰውኝ ነው የሚገቡት። ያ ግን እንደ ሙሽራ ነበር የሚገባው። አንዴ ዞር ብዬ ሳየው አጠገቤ ቆሞ ደነገጥኩ።»

ቁልፎቹ የሚቀመጡት ሻጩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሻጩም አጭር ሰው ነው፤ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማው ባይኖር ይበልጥ ያጥር ነበር። ኢንስፔክተሩ ስልኩን እንዲያሳየው ሲጠይቀው ላብ አጠመቀው። ሦስተኛው ፎቶ ላይ አንዲት ቆንጆ ልጅ ነጭ መኪና ተደግፋ ትስቃለች።

«ይቺ ማን ናት?»

«እጮኛዬ።»

«መኪናውስ?»

«እናቴ ትሙት፣ ያንን መኪና አልነዳሁትም።»

«እናትህን ተዋት፣ በደህና ትኑር። የማን መኪና ነው?»

ሻጩ ጭንቅላቱን ያዘ። ለእይታ የሚቀመጠውን መኪና አንድ ማክሰኞ ከሰዓት አውጥቶ፣ ሁለት መንገድ ያህል ሄዶ፣ ለእጮኛው የኔ ነው ብሎ ፎቶ አንስቷት ነበር። «ገና አልነገርኳትም» አለ። «ሠርጉ እስኪያልፍ ብዬ…»

ኢንስፔክተሩ ፎቶውን አጉልቶ አየ። የጎን ማያ መስታወቶቹ ቆብ ጥቁር ነው፤ የልብስ ሰፊዋ መኪና ግን ቆቡም ነጭ ነው። እሁድ እሁድም ሻጩ ከጠዋት እስከ ቀትር የሒሳብ ትምህርት ይማራል። መምህሩ በስልክ፣ «አምስቱንም እሁድ ነበር፤ አምስቱንም እሁድ ተኝቷል» ብሎ አረጋገጠ።

«ንገራት» አለው ኢንስፔክተሩ ስልኩን እየመለሰ። «ሠርጉ ሳያልፍ።»

*

የግቢው መካኒክ ቅጽል ስሙ ፍሬን ነው። ከመናገሩ በፊት ሁልጊዜ ስለሚቆም ነው እንዲህ ያሉት። አዲስ መኪና ለገዢ ከመሰጠቱ በፊት የሚመረምረው እሱ ነው፤ ለዚህም ቁልፍ ከሻጩ መሳቢያ ይወስዳል።

ኢንስፔክተሩ ነጩን መኪና አስከፍቶ አንድ በአንድ አየ። ነዳጁ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ከመሪው ጀርባ ያለው ማሳያ አማካይ ፍጥነት አርባ ስድስት ይላል። የሞተሩ ዘይት ደግሞ እንደ ማር ንጹሕ ነው፤ ትናንት የተቀየረ ይመስላል።

«አዲስ መኪና ነዳጅ ሞልታችሁ ነው የምትሰጡት?»

ፍሬን ቆመ። «አይ። ማደያ እስኪደርስ ያህል ብቻ።»

«ታዲያ ይሄን ማን ሞላው? ሌባ ሰርቆ ሲመልስ ነዳጅ ይሞላል? ዘይት ይቀይራል?»

ፍሬን ቆመ። ረጅም ሰው ነው፤ ኮፈኑ ስር ጎንበስ ሲል የታጠፈ መሰላል ይመስላል።

«እኔ ነኝ የነዳሁት» አለ።

«አምስቱንም እሁድ?»

«አዎ።»

«እስኪ ግባና ተቀመጥ።»

ፍሬን ገባ። ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተላተመ፤ እግሩን የሚያስገባበት አጥቶ አንዱን ውጭ አስቀረው።

«በዚህ ወንበር አምስት መቶ ኪሎ ሜትር?» አለ ኢንስፔክተሩ። «እግርህን የት አስቀምጠኸው ነበር፣ ቤት?»

ፍሬን አልሳቀም። «እኔ ነኝ አልኩ። ይጻፉት። ከሥራ ያባርሩኝ።»

ሰው ላልሠራው ወንጀል እንዲህ የሚጣደፈው ሌላ ሰው ሲጋርድ ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሊመልስ ሲል ቀለበቱ ላይ አንድ ነገር ጣቱን ነካው። ጥቁር ሰማያዊ ክር ነው፤ ሦስት ጊዜ ተቋጥሮ፣ ትርፉ በጥርስ ተቆርጧል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ፍሬን አየው። በዚህ ጊዜ ቆሞ ቀረ።

*

የልብስ ሰፊዋ ሱቅ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ አራት ቬሎዎች ተሰቅለዋል፤ በሩ ሲከፈት አብረው ይወዛወዛሉ። ኢንስፔክተሩ ጭንቅላቱ ቬሎዎቹን እንዳይነካ አንገቱን ቀብሮ ተቀመጠ።

«ሻጩ አይደለም» አላት። «መካኒኩም አይመስለኝም። ይህን ግን ሞተሩ ላይ አገኘሁ።» ክሩን በወረቀት ላይ አስቀመጠላት።

እንደ ልብስ ሰፊ አነሳችው፤ በሁለት ጣት። በጥፍሯ ፋቀችው፣ አሸተተችው። ከዚያ የስፌት መኪናዋን መብራት አጠፋች።

«በሰም የታሸ ነው» አለች። «የልብስ ቁልፍ መትከያ ክር። አሁን እንዲህ የሚያደርግ የለም። እናቴ ነበረች የሻማ ቁራጭ ላይ እየሳበች የምታሸው። አንዴ የተከለችው ቁልፍ ልብሱ አልቆ እሱ ይቀራል።»

«እናትሽ የት ናት?»

«ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ።»

«ከዚያ ቤት ይሄ ክር ያለው ማን አለ?»

«ማንም።»

ኢንስፔክተሩ ጠበቀ። መጠበቅ የሥራው ግማሽ ነው።

«የእንጀራ አባቴ» አለች በመጨረሻ። «የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ስድስት ዓመቴ እያለ መጣ። እነዚያ ልብሶች ያልኩዎት፣ ከፊተኛ ትዳሩ የወለዳት ልጅ ልብሶች ነበሩ፤ በጆንያ ይዞ ይመጣል። ከመንገድ ሲመለስ መኪናው ላይ አውጥቶ ያስቀምጠኝና፣ አንድ ቀን ማንም ያልነዳው መኪና ላይ አስቀምጥሻለሁ ይለኝ ነበር። ጋሼ እለው ነበር። አባባ ብዬው አላውቅም።»

«ከዚያስ?»

«እናቴን የቀበርን ዕለት እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ አንተም እንደ ልብሶቼ ከሌላ ቤት የመጣህ ነህ አልኩት።» ክሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። «ምንም አልመለሰልኝም። ጠዋት ስነሳ ቤቱን ትቶልኝ ሄዷል። የወሰደው አንድ ጥቅል ክር ብቻ ነው። ለምን እንደ ወሰደው ስገምት ዓመታት አለፉ።»

*

ፍሬን የእንጀራ አባቷን አድራሻ የሰጠው፣ ሰውየው እንደማይታሰር ከተነገረው በኋላ ነው። አንድ ጎማ ጥገና ጀርባ ያለ ክፍል ነበር። ኢንስፔክተሩ በሩን አንኳኳ፤ ተከፈተ፤ ከላይ ወደ ታች የሚያየው ፊት አገኘ።

ሽማግሌው ከፍሬንም ይረዝማሉ። በበሩ ሲወጡ ተጎንብሰው ነው። ሁለት ጊዜ ያሰመረበት «አጭር ሰው» ማስታወሻው ኪሱ ውስጥ አፈረ።

«ይቅርታ አባት፣ ሰው ተሳስቼ ይሆናል።»

«ስለ ነጩ መኪና ከሆነ አልተሳሳቱም» አሉ ሽማግሌው። «ይግቡ፤ ራስዎን ይጠብቁ።»

ክፍሉ አልጋ፣ ወንበርና መደርደሪያ ብቻ ነው። መደርደሪያው ላይ ጥቁር ሰማያዊ ክር፤ ከግማሽ በላይ አልቋል።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ነዳሁ» አሉ። «ባለሀብቶቹ አዲስ መኪና ሲገዙ ሮዳጁን፣ የመጀመሪያውን ማለማመጃ ጉዞ፣ ለኔ ነበር የሚሰጡት። አዲስ ሞተር እንደ ልጅ ነው። የመጀመሪያውን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያስለመዱት ጠባይ እስከ ዕድሜ ልኩ ይኖራል። ያለ ችኮላ፣ ሳያስጨንቁ፣ ሳያስደነግጡ። ሲያልቅ ዘይቱን እቀይርና ክር አስርበታለሁ፤ ይሄ ተገርቷል፣ አትፍሩት ለማለት። የኔ ምልክት ነበር። ከዚያ መኪናውን ተቀብለው ለሌላ ሹፌር ይሰጡታል። አንድም አልቀረልኝ።»

«አሁን ግን ዘመናዊ ነው። ሮዳጅ አያስፈልገውም ይላሉ።»

«ይላሉ» አሉ ሽማግሌው፤ የሞተ ዘመድ ስም እንደ ተጠራ ዓይነት።

«ፍሬን ነገርዎት?»

«ረዳቴ ነበር። ቤታችን በልቶ ያደገ ነው። በአጥሩ በኩል ቅዳሜ ቅዳሜ ስታይ ለያት፤ እሷ አላወቀችውም፣ ያኔ ጢም አልነበረውም። ጋሼ፣ ልጅዎ መኪና ገዝታለች፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ሦስት ወሯ ነው አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ። አዲስ ሞተርና አዲስ ነጂ፣ ሁለት ልጆች ላይ ቤት ዘግቶ እንደ መሄድ ነው። በሩን አሳልፎ ጥጉ ላይ ይሰጠኛል፣ እዚያው ይቀበለኛል።»

«የሄዱበት ሩቅ ነበር?»

«የትም አልሄድኩም። ከተማውን ነው የዞርኩት። አንዱ ዙር ሃያ ኪሎ ሜትር ነው። በእሁድ አምስት ዙር።» ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «በሱቋ በር ነው የሚያልፈው። ሃያ አምስት ጊዜ አለፍኩ። አንዴ ቆማ ነበር፣ ጨርቅ ስታራግፍ። መኪናውን አየችው። ፈገግ አለች። መስታወቱ ጥቁር ነው እንጂ…»

አልጨረሱትም።

ኢንስፔክተሩ ያልጻፈውን ዓረፍተ ነገር አሁን ሰማው። ባለቤቱ ምንኛ የታደለ ነው።

«ወንበሩ ግን» አለ ቆይቶ፣ «ወደ ፊት ተስቦ ነበር። እርስዎ በዚያ አይገቡም።»

«የሷ ልክ ነው። በጨረስኩ ጊዜ ለሷ አስተካከልኩላት። ስንለያይ እስከ ደረቴ ነበረች። ከፔዳሉ አስልቼ ሳብኩት።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት። «ልክ ሆናት?»

«ልክ ሆኗታል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ክሱ አልጠየቁም።

*

ኢንስፔክተሩ ቢሮው ተቀምጦ ቅጹን አየው። «የወንጀሉ ዓይነት» ይላል፤ ፊቱ ባዶ ነው። ስርቆት ብሎ ጻፈ፣ ሰረዘው። አንዱ የሰጠው ሌላዋ የተሰረቀችው አንድ ነገር እንዴት እንደሚመዘገብ በሃያ አንድ ዓመት ያስተማረው የለም።

ለልብስ ሰፊዋ ሁሉንም ነገራት፤ ሃያ አምስቱን ጊዜ፣ ወንበሩን፣ «ልክ ሆናት?» ያሉትን። እየሰማች አንድ ቬሎ ጫፍ ላይ ዶቃ ትተክል ነበር። ሲጨርስ ዶቃው ከቦታው አንድ ጣት ያህል ርቆ ተተክሎ አየችውና ፈታችው።

በማግሥቱ መኪና ማከማቻው ግቢ ተገናኙ። ሻጩ ሁለት ነጭ መኪኖች ጎን ለጎን አቁሟል።

«ተካንልሽ» አለ። «ይሄ ትናንት የገባ ነው። ሰባት ኪሎ ሜትር ብቻ፤ ማንም አልተቀመጠበትም። መካኒኩንም ከሥራ እናግደዋለን።»

ፍሬን ግድግዳ ተደግፎ የሚመጣውን ይጠብቃል።

ልብስ ሰፊዋ አዲሱን ከፍታ ተቀመጠች። ወንበሩ እስከ መጨረሻ ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ እግሯ አልደረሰም። ስምንት ዓመት የተመኘችው ይህ ነበር። መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ትንሽ ቆየች፤ ፍሬንን በመስታወቱ አየችው። ወረደች። ወደ አሮጌው ሄደች፤ አሮጌ ሊባል ከቻለ። ገባች። ትራስ አላስፈለጋትም።

«ይሄን እወስዳለሁ» አለች። «እሱ ሥራው ላይ ከቆየ ነው። ካልቆየ ክሱ ይቀጥላል።»

ሻጩ ኢንስፔክተሩን አየው። ኢንስፔክተሩ ሰማዩን አየ።

«ቤቱን አላውቀውም» አለችው ኢንስፔክተሩን። «ያሳዩኛል?»

የፊቱን በር ሊከፍት ሲል፣ «ከኋላ» አለችው። «የፊቱ ላስቲክ ገና አልተነሳም።»

በዝግታ ሄዱ። አውቶቡስ ቀደማቸው፣ ብስክሌትም ቀደማቸው። ሞተሩ አይሰማም። ኢንስፔክተሩ ከኋላ ወንበር ሆኖ፣ በየቀኑ በመስኮቱ የሚያየውን ፌርማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌላው በኩል አየው።

ሽማግሌው ጎማ ጥገናው ደጃፍ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ነጩን መኪና ሲያዩ ተነሱ። ያንን ሁሉ ቁመት ይዘው መቆሚያ ቦታ እንደ ጠፋው ሰው ቆሙ።

እሷ አልወረደችም። ወደ ጎን ተንጠራርታ የጎኑን ወንበር ላስቲክ ያዘች፤ ከፋብሪካው ጀምሮ ማንም ያልነካውን። ሳበችው። ድምፁ እስከ ጎማ ጥገናው ውስጥ ተሰማ። ጠቅልላ ለኢንስፔክተሩ አቀበለችውና በሩን ከውስጥ ከፈተችው።

ሽማግሌው ተጎንብሰው ገቡ። ጉልበታቸው ዳሽቦርዱን ነካ፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ለመግፋት እጃቸውን አልዘረጉም። ዓይናቸው ከመሪው ጀርባ ያለው ቁጥር ላይ ሄደ፤ የሹፌር ዓይን ነዋ።

«ስንት ሆነ?» አሉ።

«አምስት መቶ አሥራ ዘጠኝ» አለች። «አሥራ ሁለቱ የኔ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ላስቲኩን አቅፎ ቀስ ብሎ ወረደ። ወደ ቢሮው የሚመለሰው በአውቶቡስ ነው።